የፋርስኛ ጥምር ስሞችና ብዙ ቁጥር፦ ከአማርኛ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ

ፋርስኛ መማር ስጀምር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መማሪያ ይዤ ነበር። መዘዙ የገባኝ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው።

ዌስትዉድ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኢራናውያን የሚበዙበት ሰፈር ነው። አንድ ቀን እዚያ ሰንገክ ልገዛ ገባሁ። ሰንገክ በጋለ ጠጠር ላይ የሚጋገር ረጅም ቀጭን ዳቦ ነው። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። «ሰንግ» ድንጋይ ነው፣ «ኧክ» ደግሞ ማሳነሻ። ተራዬ ሲደርስ በኩራት «ፐንጅ ናንሃ» አልኩ። አምስት ዳቦዎች ማለቴ ነው። ጋጋሪው ሽማግሌ ከዳቦው ጀርባ የተጣበቀች ጠጠር በጣታቸው እየነቀሉ፣ «ፐንጅ ታ ናን፣ አዚዘም» አሉኝ። ቃሉን አላበዙትም። «አምስት ዳቦ፣ የኔ ውድ» ነው ያሉኝ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩት። እኛስ «አምስት እንጀራ ስጪኝ» አይደል የምንለው? «አምስት እንጀራዎች ስጪኝ» የሚል ማን አለ? የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትክክለኛውን መንገድ ሲያሳየኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሬ ተሳሳትኩ። ከዚያ በኋላ መማሪያውን አስቀምጬ ፋርስኛን ከአማርኛ ጎን ለጎን ማጥናት ጀመርኩ። ይህን መመሪያም የጻፍኩት በዚያው መንገድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ አነባበቡ

የፋርስኛ ቃላትን በፊደላችን ስጽፍ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፋርስኛ አጭር «ኧ» እና ረጅም «ኣ» አለው። አጭሩን በግዕዝ (በ፣ መ፣ ደ)፣ ረጅሙን በራብዕ (ባ፣ ማ፣ ዳ) ጽፌዋለሁ። ረጅሙ ቴህራን ውስጥ ወደ «ኦ» ጠጋ ብሎ ነው የሚነገረው። ልዩነቱን አትናቁት። «መርድ» ወንድ ሲሆን «መርዳን» ወንዶች ነው፤ በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ያለው ረጅም ድምፅ ነው ሥራውን የሚሠራው። «ቀ» ብዬ የጻፍኩት ደግሞ እንደኛው ቀ የሚፈነዳ ሳይሆን ከጉሮሮ የሚወጣ ለስላሳ ድምፅ ነው።

ደረጃ 1፦ በ«ቤት» ጀምሩ

«ኻኔ» ማለት ቤት ነው። አሁን ይህን ተመልከቱ። ቻይኻኔ ሻይ ቤት ነው። ቀህቬኻኔ ቡና ቤት ነው፤ ዛሬ ዛሬ ግን ኢራን ውስጥ ቀህቬኻኔ ገብታችሁ የሚቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ነው። ዳሩኻኔ መድኃኒት ቤት፣ ቻፕኻኔ ማተሚያ ቤት፣ ሜህማንኻኔ የእንግዳ ቤት። «ዳሩ» መድኃኒት፣ «ቻፕ» ኅትመት፣ «ሜህማን» እንግዳ መሆናቸውን ካወቃችሁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ገላጩ ይቀድማል፣ ቤት ይከተላል። ልክ እንደኛ።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ «አሽፐዝኻኔ» ነው። «አሽ» በጎመንና በጥራጥሬ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው። «ፐዝ» ማብሰል ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። «አሽፐዝ» ሲሆን አሽ የሚያበስል፣ ማለትም ምግብ አብሳይ። «ኻኔ» ሲጨመርበት የአብሳይ ቤት፣ ወጥ ቤት። እኛም ቤቱን በወጡ ሰየምነው፣ እነሱም በአሹ። ሁለት ሕዝብ በየጓዳው ድስት ላይ የሚጣደውን አይቶ ስም አወጣ።

አንዳንዶቹ ግን ቀጥታ ትርጉማቸው አያደርሳችሁም። ካርኻኔ «ሥራ ቤት» ቢመስልም ፋብሪካ ነው። ጎልኻኔ «አበባ ቤት» ሲሆን የአትክልት ማሳደጊያ ነው፣ የመስታወት ወይም የላስቲክ ቤቱ። እነዚህን ለብቻቸው ያዟቸው።

ደረጃ 2፦ መጨረሻውን አይታችሁ ቤተሰቡን ለዩ

ፋርስኛ ጥምር ስም ስታገኙ ከኋላ ጀምሩ። የመጨረሻው ቁራጭ ቃሉ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ይነግራችኋል።

«ጋህ» ቦታ ነው። ኢስትጋህ መቆሚያ ወይም ጣቢያ፣ ፎሩድጋህ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፎሩሽጋህ መሸጫ፣ ዳድጋህ ፍርድ ቤት፣ ዳኔሽጋህ ዩኒቨርሲቲ። አማርኛ «መ» ከፊት «ያ» ከኋላ አድርጎ ማረፊያ፣ መቆሚያ የሚለውን እነሱ በ«ጋህ» ይሠሩታል።

«ስታን»ን ከአገር ስሞች ታውቁታላችሁ፤ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታን። በፋርስኛ ግን ከአገር ያለፈ ሥራ አለው። ቢማር በሽተኛ ነው፣ ቢማሬስታን ሆስፒታል። ጉር መቃብር ነው፣ ጉሬስታን የመቃብር ሥፍራ። ጎል አበባ፣ ጎሌስታን የአበባ ቦታ። ጊዜም ይሆናል፤ ታቤስታን በጋ ነው፣ ዜሜስታን የብርዱ ወቅት።

«ናሜ» ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ነው። ሩዝናሜ የቀን ጽሑፍ፣ ማለትም ጋዜጣ። ጎዘርናሜ የማለፊያ ጽሑፍ፣ ማለትም ፓስፖርት። ሼናስናሜ የማወቂያ ጽሑፍ፣ የልደትና የማንነት መዝገብ ናት።

«ሼናሲ» ማወቅ ነው፣ የጥናት ዘርፍ ስም ይሠራል። ዘባን ቋንቋ፣ ዘባንሼናሲ ሥነ ልሳን። ዘሚን ምድር፣ ዘሚንሼናሲ ሥነ ምድር። ረቫን መንፈስ ወይም ነፍስ፣ ረቫንሼናሲ ሥነ ልቦና። እኛ «ሥነ»ን ከፊት እናስቀምጣለን፣ እነሱ «ሼናሲ»ን ከኋላ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ በዕቅድ የተፈጠሩ ናቸው። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢራን ፈርሀንጌስታን የሚባል የቋንቋ አካዳሚ አቋቋመች። ሥራው ለባዕድ ቃላት የፋርስኛ ምትክ ማውጣት ነበር። ማዘጋጃ ቤት በዐረብኛው «በለዲዬ» ይባል የነበረው ቀርቶ «ሸህርዳሪ» ተባለ። ሸህር ከተማ፣ ዳር መያዝ፣ መጨረሻዋ ኢ ስም ማድረጊያ። ከተማ መያዝ፣ ከተማ ማስተዳደር።

ደረጃ 3፦ ግሥ ያለበትን ጥምር ፍቱ

ይህ ክፍል ጊዜ ስጡት። የፋርስኛ ሙያ ስሞች ብዙዎቹ ስምና የግሥ ግንድ አንድ ላይ ሆነው የተሠሩ ናቸው። አሠራሩ የኛን «ዜና ጸሐፊ»፣ «ልብስ ሰፊ» ይመስላል።

ኸበር ዜና፣ ኔጋር ጸሐፊ፤ ኸበርኔጋር ጋዜጠኛ። ዳኔሽ ዕውቀት፣ ጁ ፈላጊ፤ ዳኔሽጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዕውቀት ፈላጊው። የትምህርት ቤቱ ተማሪ ግን ዳኔሽአሙዝ ነው፣ ዕውቀት የሚማር። ኬታብ መጽሐፍ፣ ፎሩሽ ሻጭ፤ ኬታብፎሩሽ መጽሐፍ ሻጭ። በዚህ ላይ «ኢ» ከጨመራችሁ ሱቁ ይሆናል፤ ኬታብፎሩሺ መጻሕፍት መደብር። የሱቅ ማስታወቂያ ስታነቡ ይህች ኢ ሁሉም ቦታ ታገኛችኋለች።

ዕቃም በዚሁ መንገድ ይሰየማል። ሜዳድተራሽ እርሳስ መቅረጫ ነው፤ ሜዳድ እርሳስ፣ ተራሽ የሚቀርጽ። ኾድካር እስክሪብቶ ነው፤ ኾድ ራስ፣ ካር ሥራ፣ በራሱ የሚሠራ። ቀለም እየነከሩ መጻፍን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል። የኽቻል ፍሪጅ ነው። «የኽ» በረዶ፣ «ቻል» ጉድጓድ። ፍሪጅ ከመምጣቱ በፊት በኢራን በረሃማ ከተሞች በክረምት የተሰበሰበ በረዶ እስከ በጋ የሚቆይበት፣ ከላይ የጭቃ ጉልላት ያለው ጉድጓድ ነበር። የዝድ አውራጃ ሜይቦድ ከተማ ላይ አንዱ እስካሁን ቆሟል። ኤሌክትሪኩ ሳጥን ሲመጣ አዲስ ስም አላስፈለገውም።

እናንተም ቤት አንድ የፋርስኛ ጥምር ቃል አለ። ፒጃማ። «ፓይ» እግር፣ «ጃሜ» ልብስ። የእግር ልብስ፣ ሱሪ ማለት ነው። በህንድና በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ።

በ«ኦ» የተያያዙትንም አንርሳ። ይህች ኦ «እና» ማለት ናት። ኸሪዶፎሩሽ ግዢና ሽያጭ፣ ረፍቶአመድ መሄድና መምጣት፣ ጎፍቶጉ ውይይት። እነዚህ አንድ ቃል ሆነዋል፤ ሲበዙም እንደ አንድ ቃል ነው።

ደረጃ 4፦ ብዙ ቁጥርን በ«ሃ» ጀምሩ

አሁን ወደ ማብዛት። «ሃ» የፋርስኛ «ኦች» ነው። ኬታብ፣ ኬታብሃ። ኻኔ፣ ኻኔሃ። በቼ ልጅ፣ በቼሃ ልጆች። ለሰውም፣ ለዕቃም፣ ለሐሳብም ይሠራል። ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ በሃ ብቻ መግባባት ትችላላችሁ።

በንግግር ከተነባቢ በኋላ «ህ» ይዋጣል። ኬታብሃ «ኬታባ» ይሆናል። እንደ ኻኔ በ«ኤ» የሚያልቅ ቃል ላይ ግን አይዋጥም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለኔ ትልቁ ግኝት ነበር። «መጽሐፎቼን» የሚለውን ቃል በትኑት። መጽሐፍ፣ ኦች፣ ኤ፣ ን። ስም፣ ማብዣ፣ የባለቤት ምልክት፣ የተሳቢ ምልክት። የፋርስኛው «ኬታብሃየም ራ» ነው። ኬታብ፣ ሃ፣ የም፣ ራ። ስም፣ ማብዣ፣ የባለቤት ምልክት፣ የተሳቢ ምልክት። አንዱም ቦታውን አልለቀቀም። ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ዘር ያላቸው ናቸው፤ ቅጥያቸውን ግን በአንድ ሰልፍ አሰልፈዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሰልፍ በልምምድ ነው የሚይዘው። እናንተ ከእናታችሁ ወስዳችሁታል።

ደረጃ 5፦ መቼ እንደማይበዛ እወቁ

ቁጥር ካለ ስሙ ነጠላ ይሆናል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የተማርኩት ይህንን ነው። በመካከሉ «ታ» ትገባለች፤ ዶ ታ ኬታብ ሁለት መጽሐፍ፣ ሴ ታ ሲብ ሦስት ፖም። ከ«የክ» (አንድ) ጋር ግን ታ አትገባም። ለሰው «ነፈር» ይባላል፤ ፐንጅ ነፈር ሜህማን፣ አምስት እንግዳ። ዓረብ አገር የሠራ ሰው «ነፈር»ን ያውቀዋል። ፋርስኛ ግን ግመልንም በነፈር ይቆጥራል። መጽሐፍ በጽሑፍ ቋንቋ «ጄልድ» ይባላል፣ ቆዳ ወይም ሽፋን ማለት ነው፤ ዶ ጄልድ ኬታብ።

በጥቅሉ ስለ አንድ ነገር ስትናገሩም አታብዙ። «መጽሐፍ እወዳለሁ» እንደምንለው «ኬታብ ዱስት ዳረም» ነው። «ኬታብሃ» ካላችሁ የታወቁ፣ የተለዩ መጻሕፍት ናቸው፤ «መጽሐፎቹ» ወደማለት ይጠጋል።

ግሡንም አስተውሉ። ሰው ከሆነ ግሡ ይበዛል፤ በቼሃ አመደንድ፣ ልጆቹ መጡ። ነፍስ የሌለው ነገር ከሆነ ግሡ ብዙ ጊዜ ነጠላ ሆኖ ይቀራል፤ ኬታብሃ ሩዬ ሚዝ ኧስት፣ በቀጥታው «መጽሐፎቹ ጠረጴዛው ላይ ነው»። ጆሯችሁን ይከረክረው ይሆናል፤ ትለምዱታላችሁ።

አንቱታ ላይ ደግሞ ቤታችሁ ናችሁ። «አባቴ መጡ» በፋርስኛ «ፔደረም አመደንድ» ነው። አባት አንድ፣ ግሡ ብዙ፣ ምክንያቱም አክብሮት ነው። «ሾማ» እርስዎም እናንተም ነው። «ኢሻን» እሳቸው። ታላቅ ሰው ፊት በነጠላ ግሥ ብትናገሩ ፋርስኛ ጆሮም እንደኛው ጆሮ ይቆጣል።

ደረጃ 6፦ «ኣን» ለሰውና ለጽሑፍ

ሁለተኛው ማብዣ «ኣን» ነው። ለሰውና ነፍስ ላለው ነገር፣ በተለይ በጽሑፍ፣ በዜናና በግጥም። መርዳን ወንዶች፣ ዘናን ሴቶች። «ቅዱሳን»፣ «መምህራን» ብለን ለምናበዛ ለኛ ድምፁ እንግዳ አይደለም። መመሳሰሉ ግን የአጋጣሚ ነው፤ የፋርስኛው ከጥንታዊ ፋርስኛ የወረደ ነው።

ቃሉ በ«ኤ» ካለቀ «ጋን» ይሆናል፤ ሴታሬ ኮከብ፣ ሴታሬጋን ከዋክብት። በኣ ወይም በኡ ካለቀ ብዙውን ጊዜ «ያን» ይሆናል፤ አቃያን ክቡራን፣ ዳኔሽጁያን ተማሪዎች።

ዜና ላይ የምትሰሙትን «ታሊባን» ፍቱት። ታሌብ ተማሪ፣ ኣን ማብዣ። ፓሽቶም በኣን ያበዛል። «ፓስዳራን»ን ደግሞ ፍቱት፣ የኢራን አብዮታዊ ዘብ የሚባሉትን። ፓስ ጥበቃ፣ ዳር ያዥ፣ ኣን ማብዣ። ጥምር ስምና ብዙ ቁጥር አንድ ቃል ውስጥ።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ማብዣው ትርጉም ይለውጣል። ሰር ራስ ነው። ሰርሃ ራሶች፤ ሰራን ግን መሪዎች፣ የአገር ቁንጮዎች። ፓ እግር ነው፤ እግሮች ፓሃ ነው። «ፓያን» ካላችሁ «መጨረሻ» አላችሁ። ሁለተኛ፣ በኣን ያለቀ ሁሉ ብዙ አይደለም። ባራን ዝናብ ነው፣ ደንዳን ጥርስ ነው፣ ዜንዳን እስር ቤት ነው።

ደረጃ 7፦ የዐረብኛውን ብዙ በግዕዝ ጆሮ ስሙ

ብዙ ተማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ነው። ፋርስኛ ከዐረብኛ ቃል ብቻ አልወሰደም፣ ብዙ ቁጥሩንም ከነመልኩ ወስዷል። ፈርድ (ሰው፣ ግለሰብ) ኧፍራድ ይሆናል። ኸበር፣ ኧኽባር። መስጄድ፣ መሳጄድ። ሻዔር (ገጣሚ)፣ ሾዐራ።

እኛ ደግሞ አማርኛ እየተናገርን ከግዕዝ ይህንኑ አድርገናል። ልብስ አልባስ፣ ፈረስ አፍራስ፣ ቤት አብያት። «ፈርድ፣ ኧፍራድ» ከ«ልብስ፣ አልባስ» ጎን አስቀምጡት። አንድ ቅርጽ ነው፤ ይህኛው መመሳሰል የአጋጣሚ አይደለም፣ ግዕዝና ዐረብኛ ዘመዳሞች ናቸው። ድንግል ደናግል ይሆናል፣ መስጄድ መሳጄድ። ኮከባችን ከዋክብት ሲሆን የዐረብኛው ኮውከብ ከቫኬብ ነው። «ኣት»ም አለች፤ ቃል ቃላት፣ ከሌሜ ከሌማት።

እንዴት ታጠኗቸዋላችሁ? ሠንጠረዥ አትሸምድዱ። ኧኽባር (ዜና)፣ ኧፍራድ (ሰዎች)፣ ሸራዬት (ሁኔታዎች)፣ መሳኤል (ጉዳዮች) የመሳሰሉትን እንደ ራሳቸው ቃል ያዙ። ሌላውን በሃ አብዙ። «መጻሕፍት»ም «መጽሐፎች»ም እንደምንለው፣ «ኮቶብ»ም «ኬታብሃ»ም አለ፤ ለመናገር ኬታብሃ ይበቃል።

«ካህናቶች» ሲባል የሚቆጣ መምህር ነበራችሁ? ተደራርቦ የበዛ ስለሆነ ነው። ኢራን ውስጥም ይኸው ክርክር አለ። ጀቫሄር ብዙ ነው (የጆውሀር)፤ ጌጣጌጡን ግን ሰው «ጀቫሄራት» ይለዋል። ዘሩ ፋርስኛ የሆነውን ቃል በዐረብኛው ኣት ማብዛትንም ጠንቃቃ ጸሐፊዎች አይወዱም። ጎዛሬሽ (ሪፖርት) ጎዛሬሽሃ እንጂ «ጎዛሬሻት» አትበሉ።

ደረጃ 8፦ ጥምሩን ማብዛት፣ ምልክቱ የት ይቀመጥ?

«ቤተ ክርስቲያን»ን አብዙ። ሁለት መልስ አላችሁ። በግዕዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ በአማርኛው ቤተ ክርስቲያኖች። የመጀመሪያው ቤቱንም ያበዛል፣ ሁለተኛው ሁሉን እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ከጫፉ ያበዛል።

ፋርስኛ ላይ ያለው ጥያቄም ይኸው ነው። «ቤተ» ላይ ያለችው ማያያዣ ድምፅ በፋርስኛ «ኤ» ናት፣ ኤዛፌ ትባላለች። ኬታቤ መን የኔ መጽሐፍ። ቅደም ተከተሉ እንደ ግዕዙ ነው፤ ባለቤቱ ኋላ ይመጣል። በኤዛፌ የተያያዘ ነገር ሲበዛ ሃ የመጀመሪያው ቃል ላይ ትቀመጣለች፤ ኬታብሃዬ ዳኔሽጋህ፣ የዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት። የተዋሃደ ጥምር ስም ከሆነ ግን ከጫፉ፤ ኬታብኻኔሃ ቤተ መጻሕፍቶች፣ ፒርመርድሃ ሽማግሌዎች።

ፈተናው ቀላል ነው። በመካከል ኤ ይሰማል? ከተሰማ ፊተኛውን አብዙ። ካልተሰማ ጫፉን። ፔደርቦዞርግ አያት ነው፤ ፔደር አባት፣ ቦዞርግ ትልቅ። ድሮ ኤ ነበረው፣ ዛሬ ወድቋል። ስለዚህ ፔደርቦዞርግሃ። ፔሰርአሙ የአጎት ልጅ፣ ፔሰርአሙሃ። ቶኽሜ ሞርቅ (የዶሮ እንቁላል) ያስቸግራል፤ ኤው ይሰማል፣ ሰው ግን እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ቶኽሜሞርቅሃ ይላል።

ስትተይቡ ደግሞ ሃን ከቃሉ ጋር በግማሽ ክፍተት አያይዟት። ኒምፋሴሌ ይባላል፤ ኒም ግማሽ፣ ፋሴሌ ርቀት። በስታንዳርዱ የፋርስኛ ኪቦርድ ሺፍትና ስፔስ አንድ ላይ ስትጫኑ ይመጣል። በተለይ እንደ ኻኔ በማትነበብ ሄ የሚያልቅ ቃል ላይ ሃ በፍጹም አትጣበቅም።

አሁን እናንተ

ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ በትኑት፦ ዳኔሽጁያን ደር ኬታብኻኔዬ ዳኔሽጋህ ሩዝናሜሃ ራ ሚኻነንድ። «ደር» ውስጥ ነው፣ «ሚኻነንድ» ያነባሉ። አራት ጥምር ስም፣ ሁለት ዓይነት ማብዣ፣ አንድ ኤዛፌ አለበት። ኤዛፌዋ ኬታብኻኔ ላይ ናት፤ ኤ ላይ ስላረፈች «ዬ» ሆነች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋዜጦቹን ያነባሉ።

ቀጥሎ እነዚህን ሳትመለከቱ ገምቱ። ሲብዘሚኒ፦ ሲብ ፖም፣ ዘሚን ምድር። ድንች ነው። ባዳምዘሚኒ፦ ባዳም ለውዝ፣ የምድር ለውዝ። ኦቾሎኒ ነው፤ እኛ ራሱን «ለውዝ» እንለዋለን። ሾቶርሞርቅ፦ ሾቶር ግመል፣ ሞርቅ ወፍ። ሰጎን ናት።

የመጨረሻው ዛሬ ከመጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ አሁን «ዘራፌ» ነው የሚሉት። ግን ከአገራችን ሜዳ የተነሳ ይመስል በጣም እወደዋለሁ። ሾቶርጋቭፐለንግ። ሾቶርን ታውቁታላችሁ። ጋቭ በሬ ወይም ላም ነው፣ ፐለንግ ነብር። አንገቷ እንደ ግመል፣ ሰኮናዋ እንደ ላም፣ ቆዳዋ እንደ ነብር ዥንጉርጉር። ኤዛፌ የለም፤ ብዙ ከሆኑ ሃዋን ከነብሩ ጫፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሾቶርጋቭፐለንግሃ። ቀጭኔዎች።